ዳር ይዘህ ሂድ

አባቴ ብስክሌት መንዳት ያስተማረኝ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ፣ ከቤታችን ፊት ለፊት ባለው ኮረኮንች መንገድ ላይ ነው። ኮርቻውን ከኋላ ይዞ አብሮኝ ይሮጥና ሚዛኔን የጠበቅሁ ሲመስለው ለቅቆኝ አንድ ነገር ብቻ ይጮኽ ነበር፤ «ዳር ይዘህ ሂድ!» ካደግሁ በኋላም ትምህርት ቤት ስሄድ፣ ወፍጮ ቤት ስላክ፣ የጓደኛዬን ብስክሌት ተውሼ ወደ ፔዳ ስወጣ የሚሸኘኝ በዚሁ ቃል ነበር። የእሱ ብስክሌት ጥቁር ፎኒክስ ነበረች። ማታ ማታ ፓራፋንጎዋን በጨርቅ ይወለውላታል፤ ጠዋት ደግሞ የሱሪውን እግር ካቴና እንዳይበላው በልብስ መቆንጠጫ ያዝ ያደርግና ወደ ሥራው ይሄዳል። በዚያን ጊዜ የባሕር ዳር መንገድ በአብዛኛው የብስክሌተኛ መንገድ ነበር ማለት ይቻላል። ከተማዋ ሜዳ ናት፤ መንገዶቿ ሰፋፊና ዛፍ የተተከለባቸው ናቸው፤ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሠራተኛም፣ መምህሩም፣ ተማሪውም የሚመላለሰው በብስክሌት ነበር። ስለዚህ «ዳር» ሲባል ለእኔ የሚታየኝ ጥላ ያለበት፣ እንደኔ ያሉ ሰዎች ጎን ለጎን እያወሩ የሚሄዱበት፣ ማንም የማይቀማን ቦታ ነበር።

አዲስ አበባ ከገባሁ በኋላ ያው ቃል ሌላ ነገር ሆነብኝ። በጥቅምት ወር አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ከሳር ቤት ወደ መካኒሳ በሚወስደው መንገድ ወደ ሥራ እየሄድኩ ሳለ በግራዬ ያለፈኝ ሚኒባስ ታክሲ እጇን ያነሳች ተሳፋሪ አይቶ ያለ ምልክት ወደ ቀኝ ገባብኝ። ፍሬን ያዝኩ፤ ግን አልደረሰልኝም። የሚኒባሱ የኋላ ጎን መሪዬን መታውና አስፋልቱ ላይ በግራ እጄ ወደቅሁ። የእጄ አንጓ ተሰብሮ ነበር፤ እኔ ግን በመጀመሪያ ያየሁት የፊት ጎማዬን ነው። ቸርኬው ተጣሞ ከሹካው ጋር ተጣብቆ መሽከርከር አቅቶት ነበር፤ ለምን እንደሆነ ሳላውቅ ባልተሰበረው እጄ ላቃናው እየሞከርኩ ነበር። ሰው ተሰበሰበ። ከተሰበሰበው ሰው አፍ የወጣው የመጀመሪያ ጥያቄ «ተጎዳህ ወይ?» የሚል አልነበረም። «አንተ ልጅ፣ ዳር ይዘህ አትሄድም ነበር?» የሚል ነበር።

ዳር ይዤ ልሄድ የማልችልበት ምክንያት ከወደቅሁበት ሦስት እርምጃ ያህል ርቆ አፉን ከፍቶ ተቀምጧል። የጎርፍ መውረጃ ቱቦው ክዳን ከጠፋ ምን ያህል ጊዜ እንደሆነው የሰፈሩ ሰው እንኳን ረስቶታል፤ አንድ ሰው ለሌላው ሰው አዝኖ የዛፍ ቅርንጫፍ ተክሎበታል። ከእሱ አለፍ ሲል ለግንባታ የተራገፈ አሸዋ ነበረ፤ ከአሸዋው ቀጥሎ ደግሞ ሁለት መኪኖች ቆመዋል። በየቀኑ ጠዋት በዚያ ስፍራ ስደርስ ከዳሩ ወጣ ብዬ፣ ቱቦውንና አሸዋውን አልፌ፣ እንደገና እመለስ ነበር። ያን ጠዋት ሚኒባሱ የመታኝ በዚህች ወጣ ባልኩባት ቦታ ላይ ነው።

ትራፊክ ፖሊሱ ሲደርስ ሥራውን በትጋት ሠራ፤ ይህን መመስከር ይገባኛል። ሜትሩን ዘርግቶ ለካ፣ የሹፌሩን መንጃ ፈቃድ ተቀበለ፣ ፕላን አነሣ። ፕላኑን በኋላ ጣቢያ ውስጥ አየሁት። ሁለት ትይዩ መስመሮች መንገዱን ያሳያሉ፤ አንድ አራት ማዕዘን ከነቀስቱ ሚኒባሱ ነው፤ ሁለት ትንንሽ ክቦች በአጭር መስመር ተያይዘው እኔና ብስክሌቴ ነን። የግጭቱ ነጥብ በመስቀል ምልክት ተመልክቶ ከመንገዱ ዳር እስከ እሱ ያለው ርቀት «1.60 ሜ.» ተብሎ ተጽፏል። ቱቦው የለም። አሸዋው የለም። የቆሙት ሁለት መኪኖች የሉም። በዚያ ወረቀት ላይ የመንገዱ ዳር ንጹሕ፣ ባዶና ቀጥ ያለ መስመር ነው፤ እኔ ደግሞ ያን የመሰለ ባዶ ዳር ትቼ ያለ ምክንያት አንድ ሜትር ከስልሳ ወደ መሃል የገባሁ ሰው ነኝ። ማንም አልዋሸም። የተለካው ሁሉ በትክክል ተለክቷል። ሆኖም ፕላኑን ብቻ ያየ ዳኛ ወይም የመድን ሠራተኛ ጥፋቱ በከፊል የእኔ ነው ቢል አልፈርድበትም፤ ወረቀቱ የሚለው እንደዚያ ነውና።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር አዲስ አበባ ውስጥ ተገጭቶ ለሚያውቅ ሰው ሁሉ አዲስ አይደለም። ሹፌሩ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ከወደቅሁበት ያነሣኝና ወደ ጤና ጣቢያ ያደረሰኝ እሱ ነው። የሁለት ልጆች አባት ነው፤ መኪናው የሌላ ሰው ነው፤ ለባለንብረቱ የዕለት ገቢ ማስገባት አለበት፤ መንጃ ፈቃዱ በተያዘበት በእያንዳንዱ ቀን ቤቱ ይራባል። ሁለት ሽማግሌዎች ይዞ መጣ። አንደኛው፣ ፀጉራቸው የሸበተ አዛውንት፣ «ልጄ፣ እግዜር ነፍስህን አትርፎልሃል፤ እሱም ሆን ብሎ አላደረገውም፤ አንተም ትንሽ ወደ መሃል ገባ ብለህ ነበር፤ ይቅር ተባባሉ» አሉኝ። የሕክምናዬንና የቸርኬዬን ወጪ ተቀብዬ «ሌላ የምጠይቀው ነገር የለኝም» የሚል ወረቀት ላይ ፈረምኩ። እጄ ሙሉ በሙሉ እስኪድን ከሁለት ወር በላይ ፈጀ፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ያጣሁትን ገቢ፣ የተመላለስኩበትን የታክሲ ወጪ፣ እስከ ዛሬ በክረምት የሚቆረጥመኝን አንጓ በዚያ ወረቀት ላይ ማንም አላሰላውም። እኔም አላሰላሁትም።

በሽምግልናው አልጸጸትም፤ ሰውየውን በማሰቃየት የማገኘው ነገር አልነበረም። የሚቆጨኝ ሌላ ነገር ነው። «አንተም ትንሽ ወደ መሃል ገባ ብለህ ነበር» ሲባል አንገቴን ደፍቼ መቀበሌ ይቆጨኛል። ከዚያ ቀን በኋላ፣ በፋሻ የታሰረ እጄን ጭኔ ላይ አስቀምጬ፣ ስለ ከውል ውጭ ኃላፊነት የሚደነግገውን የፍትሐ ብሔር ሕጋችንን ክፍል በመጀመሪያ ጊዜ አነበብኩ፤ ያልገባኝን ሕግ የተማረ ጓደኛዬ አስረዳኝ።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው ይህ ሕግ፣ መኪና በአገራችን ብርቅ በነበረበት ዘመን ተጽፎ፣ መኪናን የሚመለከተው ግን እንደ አደገኛ ነገር ነው። በአንቀጽ 2081 መሠረት የባለሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ መኪናውን የነዳው ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆን እንኳ ባለቤቱ ከኃላፊነት አያመልጥም፤ የሚድነው ጉዳቱ በደረሰበት ጊዜ መኪናው ተሰርቆበት እንደነበር ካስረዳ ነው። ከዚህ በላይ የገረመኝ አንቀጽ 2086 ነው። በሕግ ኃላፊ የተደረገ ሰው «እኔ አላጠፋሁም» ብሎ ቢያስረዳ፣ ወይም የአደጋው ምክንያት አልታወቀም ቢል፣ አይድንም። ኃላፊነቱ በሙሉ ወይም በከፊል የሚቀርለት ጉዳቱ በሙሉ ወይም በከፊል በተጎጂው ጥፋት የደረሰ ሲሆን ብቻ ነው። ጓደኛዬ ይህን ሲያብራራልኝ ነገሩ ሁሉ ተገለጠልኝ። ሕጉ የመኪናውን ባለቤት ጥፋት አይጠይቅም፤ ስለዚህ በመኪናው በኩል የቀረው ብቸኛ መከላከያ የእኔ ጥፋት ነው። «ዳር ይዘህ አትሄድም ነበር?» የሚለው ጥያቄ የተሰበሰበው ሕዝብ ተግሣጽ ብቻ አልነበረም፤ ሳይታወቅ የባለንብረቱ ጠበቃ ክርክር ነበር።

ሕጉ በዚህ አያበቃም። አንቀጽ 2149 የፍትሐ ብሔር ፍርድ ቤቱ የወንጀል ችሎት በሰጠው ነፃ የማውጣት ውሳኔ እንደማይታሰር ይናገራል፤ ስለዚህ ሹፌሩ በወንጀል ነፃ ቢወጣም ተጎጂው ካሳ ከመጠየቅ አይከለከልም። ይህን የማያውቁ፣ «ዐቃቤ ሕግ ፋይሉን ዘጋው» ሲባሉ ሁሉም ነገር እንዳለቀ አምነው ወደ ቤታቸው የተመለሱ ሰዎችን አውቃለሁ። ጊዜው ግን አይጠብቅም፤ በአንቀጽ 2143 መሠረት ክሱ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ድርጊቱ ወንጀል ሆኖ የወንጀል ሕጉ የበለጠ ረጅም የይርጋ ዘመን ካስቀመጠለት በረጅሙ ይሠራል። እኔ የፈረምኩት ዓይነት ስምምነት ደግሞ ቀላል ወረቀት አይደለም፤ አንቀጽ 3312 እርቅ በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ የሌለው የመጨረሻ ፍርድ ያህል ኃይል እንዳለው ያስቀምጣል። ጤና ጣቢያ ደርሰህ ገና ፋሻህ ሳይደርቅ፣ ዶክተሩ ምን ያህል እንደምትድን ሳይነግርህ፣ የምትፈርመው ወረቀት የፍርድ ያህል ክብደት አለው ማለት ነው።

ይህ ሕግ ጉድለትም አለው፤ ልሸፋፍነው አልፈልግም። የሞራል ጉዳት ካሳ በአንቀጽ 2116 በአንድ ሺህ ብር ተገድቧል። ልጇን በመንገድ ላይ ያጣች እናት ለኀዘኗ የሚሰጣት የመጨረሻው መጠን፣ በ1952 ዓ.ም. ምናልባት ትርጉም የነበረው፣ ዛሬ ግን ለለቅሶ ድንኳን ኪራይ እንኳ የማይበቃ ገንዘብ ነው። ሕግ አውጪው ይህን አኀዝ ስድሳ ዓመት በላይ ሳይነካው መተዉ ያሳዝነኛል፤ ከዚህ የቀለለ ማሻሻያ ሊኖር እንደማይችልም አምናለሁ።

የሦስተኛ ወገን መድንም ቢሆን ከመኪና ውጭ ላለው ሰው የተበጀ መሆኑ መልካም ነገር ነው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 559፣ በኋላም በ2005 ዓ.ም. የተተካበት አዋጅ ቁጥር 799፣ ማንኛውም ተሽከርካሪ ይህ መድን ሳይኖረው መንገድ ላይ እንዳይወጣ አስገድደዋል፤ ለተጎጂው ድንገተኛ ሕክምና እንዲሰጠው ደንግገዋል፤ ገጭቶ ለሚያመልጥና መድን ለሌለው መኪና ደግሞ የመድን ፈንድ አቋቁመዋል። ነገር ግን አዋጁ ሲወጣ የተጻፉበትን የካሳ ጣሪያዎች ጎን ለጎን ሳያቸው ደነገጥኩ። ለሞት ከ5,000 ብር የማያንስ ከ40,000 ብር የማይበልጥ፣ ለአካል ጉዳትም እስከ 40,000 ብር፤ ለንብረት ጉዳት ግን እስከ 100,000 ብር ነበር። ሚኒባስ ከቤት መኪና ጋር ቢጋጭ ለተጨፈለቀው ቆርቆሮ የሚደርሰው ጣሪያ፣ ሚኒባስ ብስክሌተኛ ቢገጭ ለተጨፈለቀው እግር ከሚደርሰው ከሁለት እጥፍ በላይ ነበር። እርግጥ ነው፣ ከጣሪያው በላይ ያለውን ጉዳት በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ከባለንብረቱ መጠየቅ ይቻላል። ቁጥሮቹ ግን ሕጉ ሲጻፍ በሰዎቹ ሐሳብ ውስጥ መንገዱ የማን እንደነበረ ይመሰክራሉ።

ባለንብረቱን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። ሕጉ ሸክሙን ከሹፌሩ ይልቅ በመኪናው ባለቤት ላይ ያሳረፈው ያለ ምክንያት አይመስለኝም፤ ከመኪናው የሚጠቀመው እሱ ነው፤ ፍሬኑን የሚያሳድሰው፣ መድን የሚገዛው፣ የዕለት ገቢውን መጠን የሚወስነው እሱ ነው። ሚኒባስ ሹፌር ለአንዲት ተሳፋሪ ብሎ ወደ ቀኝ የሚጠመዘዘው አንዲት ተሳፋሪ ከዕለቱ ገቢ ላይ ስለምትቆጠር ነው። በጣቢያው ኮሪደር ላይ ግን ባለንብረቱን አላየሁትም። የቆመው ሹፌሩ ነበር፤ የለመነው ሹፌሩ ነበር፤ ከኪሱ የከፈለው ሹፌሩ ነበር። ሕጉ ትከሻው ሰፊ ነው ብሎ የመረጠው ሰው ሳይመጣ፣ ከሁላችንም ይልቅ ትከሻው የጠበበው ሰው ጉዳዩን ጨረሰው።

አሁን ወደ ዳሩ ልመለስ፤ የነገሩ ሥር እዚያ ነውና። ብስክሌተኛ ወደ መሃል የሚገባው ስለሚደፍር አይደለም። ከመኪና ጋር ቢላተም የሚሞተው እሱ መሆኑን ከማንም በላይ ያውቃል። የሚገባው ዳሩ ስለተወሰደበት ነው፤ ክዳን በሌለው ቱቦ፣ በተራገፈ ጠጠር፣ በቆመ መኪና፣ በድንገት በሚከፈት በር፣ ዝናብ ሲዘንብ ደግሞ ጥልቀቱ በማይታወቅ ውኃ። እያንዳንዱ ወጣ ማለት አንድ የግጭት ዕድል ነው። መንገዱን የሠራው ወይም ሳይጠግን የተወው አካል ብስክሌተኛውን ወደ መሃል ይገፋዋል፤ ሲገጭ ደግሞ ወደ መሃል መግባቱ ጥፋቱ ሆኖ ይመዘገባል። በዚህ መንገድ ፍርዱ አደጋው ከመድረሱ በፊት አስፋልቱ ላይ ተጽፎ ያድራል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት በዓመት 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በመንገድ አደጋ ይሞታሉ፤ ከእነዚህ ውስጥ ከግማሽ በላይ የሆኑት እግረኞች፣ ብስክሌተኞችና ሞተረኞች ናቸው። ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት ለሆኑ ልጆችና ወጣቶች ቀዳሚው የሞት ምክንያት ይኸው ነው። ከሟቾቹ ከዘጠና በመቶ በላይ የሚሆኑት እንደ እኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ ሲሆን፣ የእነዚህ አገሮች የተሽከርካሪ ድርሻ ግን ከዓለም ስድሳ በመቶ ያህል ነው። ፍጥነትን በተመለከተ ድርጅቱ የሚሰጠው ምሳሌ ከአእምሮዬ አይጠፋም፤ በሰዓት 65 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና የገጨው እግረኛ የመሞት ዕድሉ በ50 ኪሎ ሜትር ከተገጨው አራት እጥፍ ተኩል ይሆናል። አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር ለሹፌሩ አንድ መብራት ቀድሞ መድረስ ነው። እኔን የመታኝ ሚኒባስ ለተሳፋሪዋ ሲል ፍጥነቱን ቀንሶ ነበር፤ ዛሬ ይህን የምጽፈው ምናልባት ስለዚያ ነው።

የኔዘርላንድስ ታሪክ ብዙ ጊዜ ይነሣል፤ ሲነሣም «እነሱ ሀብታም ናቸው፤ ባህላቸውም ብስክሌት ነው» ተብሎ ይታለፋል። ነገሩ እንደዚያ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1971 በዚያች ትንሽ አገር ከ3,000 በላይ ሰዎች በመንገድ አደጋ ሞተዋል፤ ከ400 በላይ የሚሆኑት ሕፃናት ነበሩ። ከተሞቹ ለመኪና ሲባል የብስክሌት መንገዶቻቸውን እያፈረሱ ነበር። ወላጆች «ሕፃናትን መግደል ይቁም» ብለው አደባባይ ወጡ፣ መንገድ ዘጉ፤ የተለየ የብስክሌት መንገድ በዓመታት ትግል የመጣ ነው። ዛሬ በትራፊክ ሕጋቸው አንቀጽ 185 መሠረት መኪና ብስክሌተኛን ወይም እግረኛን ከገጨ፣ ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት ካልተረጋገጠ በቀር፣ የመኪናው ባለቤት ኃላፊ ነው፤ ተጎጂው ከ14 ዓመት በታች ከሆነ በተለምዶ ሙሉውን፣ አዋቂ ከሆነ ጥፋት ቢኖርበትም እንኳ ቢያንስ ግማሹን ይካሳል። ይህን ሳነብ ያሰብኩት ስለ ቅናት አይደለም። የእኛ ሕግ በመሠረቱ ከዚህ ብዙም አልራቀም፤ እንዲያውም አንቀጽ 2081 እና 2086 ከወላጆቹ ሰልፍ ከአሥር ዓመት በላይ ቀድመው ተጽፈዋል። የጎደለን በሕጉና በመንገዱ መካከል ያለው ነገር ነው። እነሱ ዘንድ ብስክሌተኛው የራሱ ቦታ ስላለው «ምን ልታደርግ እዚያ ገባህ?» ብሎ የሚጠይቀው የለም። እኛ ዘንድ ሕጉ ጥሩ ጋሻ ሰጥቶናል፤ ጋሻው ላይ ግን «የተጎጂው ጥፋት» የምትባል አንዲት ቀዳዳ አለች፤ የመንገዳችን አሠራር ደግሞ ቀዳዳዋን በየቀኑ ያሰፋታል።

መሻሻል የለም ማለቴ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» ከመኪና ነፃ ቀን፣ መንገዱ ለአንድ እሑድ ጠዋት እንኳ ሲለቀቅ ምን ያህል ልጅ ብስክሌት ይዞ እንደሚወጣ አሳይቶናል። አዲስ አበባ ሞተር አልባ ትራንስፖርትን የሚመለከት ስትራቴጂ አዘጋጅታለች፤ በኮሪደር ልማቱም ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶችና የብስክሌት መስመሮች ተሠርተዋል። በተሠሩት ላይ ነድቻለሁ፤ ከአራት ኪሎ ወደ መስቀል አደባባይ ቁልቁል ስወርድ፣ አጠገቤ መኪና ሳይኖር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ ስነዳ ትከሻዬ ሲፈታ ተሰምቶኛል። በትውልድ ከተማዬ ደግሞ በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀውና 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ለብስክሌትና ለእግረኛ የተለየ ቦታ አለው። አባቴን በላዩ ላይ ይዤው ሄጄ ነበር፤ በእግሩ ነው የተሻገረው፣ ጉልበቱ አሁን ፔዳል አይገፋለትም። መሃል ላይ ሲደርስ የብስክሌቱን መስመር በከዘራው ጫፍ ነካ አድርጎ «ይኸ ለኛ ነው?» አለኝ። «አዎ አባባ፣ ለኛ ነው» አልኩት።

ሆኖም መስመር መቀባት ብቻውን አይበቃም፤ መስመር የሚፈተነው በመስቀለኛ መንገድ ላይ ነው። ብስክሌተኛው ተለይቶለት ሲሄድ ቆይቶ ወደ አደባባይ ሲደርስ መስመሩ ያልቅበታል፤ ከመኪና ጋር የሚቀላቀለው ደግሞ መኪኖች በሚታጠፉበት፣ ሹፌሩ ወደ ግራ እያየ ወደ ቀኝ በሚገባበት፣ በጣም አደገኛ በሆነው ነጥብ ላይ ነው። የሚኒባስ ማቆሚያዎች ከብስክሌት መስመሩ ጋር የሚጋጩበት ቦታም እንደዚሁ ነው፤ ማቆሚያው ከመስመሩ በስተግራ ቢሆንና ተሳፋሪው መስመሩን ተሻግሮ ቢሳፈር የእኔ ዓይነት አደጋ ባልደረሰ ነበር። ሌላም ነገር አለ፤ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በከተማው በዝቷል። ለአየሩ መልካም ነው፤ ብስክሌተኛ ግን ከኋላው የሚመጣውን የሚለየው በጆሮው ነውና፣ ድምፅ የሌለው መኪና አጠገቡ ሲደርስ ብቻ ያውቀዋል።

በእኔ እምነት ከሹፌሩና ከባለንብረቱ ሌላ ሦስተኛ ተጠያቂ መኖር አለበት፤ እሱም የመንገዱ ባለቤት ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2126 የመንግሥት ሠራተኛ ለሥራው ሲል በፈጸመው ጥፋት ሰው ከተጎዳ ተጎጂው መንግሥትን ካሳ ሊጠይቅ የሚችልበትን በር ከፍቷል። ክዳኑ እንደጠፋ ተነግሮት ወር ሙሉ ያልከደነ አካል፣ አሸዋ መንገድ ላይ ሲራገፍ እያየ ዝም ያለ አካል፣ ለእኔ ከዚያ ሚኒባስ ሹፌር ያነሰ ድርሻ የለውም። ሹፌሩ የተሳሳተው በሁለት ሴኮንድ ውስጥ ነው፤ ቱቦው ግን ክፍቱን ወራት ተቀምጧል። አንድም ሰው ግን በዚያ ቱቦ ምክንያት ጣቢያ አልተጠራም፤ ሊጠራም አይችልም፤ ፕላኑ ላይ የለማ። በማስረጃ ላይ ያልሰፈረ ነገር በፍርድ ቤት የለም። ለዚህ ነው ስለ ብስክሌት ደኅንነት ሲነሣ ሁሉም ሰው ስለ ሄልሜትና ስለ አንጸባራቂ ልብስ ሲያወራ እኔ ስለ ወረቀት የማወራው። ሄልሜት አደርጋለሁ፤ ማታ መብራት አበራለሁ፤ ለሌላውም እመክራለሁ። ነገር ግን የትኛውም ሄልሜት በዚያ ባዶ ዳር ላይ ቱቦውን አይስለውም።

ባለፈው ክረምት አብሮኝ የሚሠራ ወጣት በብስክሌቱ ሲሄድ ፒካፕ ገጭቶት ደወለልኝ። እግሩ ተቧጭሯል እንጂ አልተሰበረም። ስደርስ ሰው ከቦታል፤ የሚባለውንም ከሩቅ ሰማሁት፤ «ዳር ይዞ አይሄድም እንዴ?» እኔ ወደ ልጁ ከመሄዴ በፊት ወደ ዳሩ ሄድኩ። እዚያም ቱቦ ነበረ፤ ክዳኑ ግማሹ ተሰብሮ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ ከላይ ውኃ ተኝቶበታል። በስልኬ ከሦስት አቅጣጫ ፎቶ አነሣሁት፤ ከዚያ ሜትር ወደያዘው ትራፊክ ፖሊስ ሄጄ «ወንድሜ፣ እባክህ ይኸንንም ለካልኝ» አልኩት። ለአፍታ አየኝ። «ይኸ ደግሞ ከአደጋው ጋር ምን አገናኘው?» አለ። «ልጁ ለምን ወደ መሃል እንደወጣ የሚያሳየው እሱ ነው» አልኩት። ዝም ብሎ ቱቦውን ተመለከተ፤ ከዚያም የሜትሩን ጫፍ ሰጠኝ። ጎንበስ ብዬ ከአንዱ ጠርዝ ያዝኩ፣ እሱ ከሌላው ጠርዝ ያዘ። እርሳሱን አውጥቶ በፕላኑ ላይ፣ በመንገዱ መስመር ጎን፣ ትንሽ ክፍት ሳጥን ሣለና በውስጧ ጻፈ፤ «ክዳን የሌለው ቱቦ፣ 0.80 ሜ.»።